ሁለት በመቶ፣ ግን ከምኑ ላይ?

ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ከፍቶ ሻጭ የሚቀጥር ሰው ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይስማማል፤ «ደመወዝህ 6,000 ብር፣ ከሽያጩ ደግሞ 2 በመቶ»። በኋላ ጠብ የሚያነሳው 2ቱ በመቶ አይደለም። «ሽያጭ» የሚባለው ነገር ለባለሱቁ ሌላ፣ ለሻጩ ሌላ መሆኑ ነው።

አንድ ወር እንውሰድ። ቆርቆሮው፣ ሚስማሩና ብረቱ ቫትን (በዋጋው ላይ የሚጨመረውን 15 በመቶ ግብር) ጨምሮ የ690,000 ብር ደረሰኝ ተቆረጠለት። ቫቱ የሱቁ ገንዘብ ስላልሆነ አስቀድሞ ይወጣል። ብዙዎች እዚህ ላይ ይስታሉ፤ የ690,000ን 15 በመቶ፣ ማለትም 103,500 ቀንሰው 586,500 ይላሉ። ቫቱ የተጨመረው ግን በዋናው ዋጋ ላይ ነው፤ ስለዚህ ለ1.15 ይካፈላል፤ 600,000 ይመጣል። ስሕተቱ ከሻጩ ኮሚሽን 270 ብር ይወስዳል፤ በየወሩ ከተደገመ በዓመት 3,240 ብር።

ከ600,000ው የተመለሰ ዕቃ 40,000፣ ያልተሰበሰበ ዱቤ 60,000 አለ እንበል። 500,000 ይቀራል። ዱቤው ኮሚሽን የሚከፈልበት ገንዘቡ ሲገባ ቢሆን ይሻላል፤ አለዚያ ሻጩ ላገኘው ሁሉ ያበድራል። ባለሱቁ ራሱ «ለእገሌ ስጠው፣ የኔ ሰው ነው» ብሎ ያዘዘውን ዱቤ ግን ሻጩ የሚጠብቅበት ምክንያት የለም።

ትልቁ ጉዳት ያለው እርከን ላይ ነው። «እስከ 300,000 1 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 2 በመቶ» ሲባል ሁለት ንባብ አለው። አንዱ እያንዳንዱን ክፍል በራሱ መጠን ያሰላል፤ የመጀመሪያው 300,000 3,000 ብር፣ ቀሪው 200,000 4,000 ብር፣ ድምሩ 7,000። ሌላው 500,000ውን ሁሉ በ2 በመቶ አስልቶ 10,000 ይከፍላል። ሁለተኛው ለሻጩ ደግ ይመስላል፤ ድንበሩ አካባቢ ግን ያበላሻል። 299,000 የሸጠ 2,990 ብር ሲያገኝ 301,000 የሸጠ 6,020 ያገኛል። በወሩ መጨረሻ ለጠፋችው 2,000 ብር ሲባል ለማይከፍል ሰው በዱቤ ይሰጣል፤ ወይም ወሩ ካመለጠው ደንበኛውን «ሰኞ ና» ብሎ ወደሚቀጥለው ወር ያሻግረዋል። በክፍል በክፍል ይሰላ።

ግብርን በተመለከተ «ኮሚሽኑን ግብር በላው» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ባለው ሠንጠረዥ 6,000 ደመወዝ ብቻ 700 ብር ግብር አለበት። 7,000 ኮሚሽን ሲጨመር ገቢው 13,000 ይሆናል፤ 30 በመቶው 3,900፣ ከዚያ ላይ በሠንጠረዡ የተቀመጠው ተቀናሽ 1,350፣ ግብሩ 2,550። ከኮሚሽኑ የተወሰደው 1,850 ነው፤ 5,150 እጁ ይገባል። 30 በመቶ የሚከፍለው ከ10,000 በላይ ባለው 3,000 ብር ላይ ብቻ ነው። የጡረታ 7 በመቶ ደግሞ ከደመወዙ ብቻ ይቆረጣል፤ 420 ብር።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ኮሚሽንም ቦነስም «ደመወዝ» ከሚለው ትርጉም ውጭ ናቸው። ስለዚህ በቃል የተባለው 2 በመቶ በጽሑፍ ካልሰፈረ ሻጩ የሚይዘው ነገር ያንሳል። የዓመት ቦነስም እንዲሁ፤ የአንድ ወር ደመወዝ ከተባለና ሰውየው 7 ወር ብቻ ከሠራ፣ 6,000 በ7 ተባዝቶ ለ12 ይካፈላል፤ 3,500 ብር። ያም ቢሆን «እንደ ወሩ ይሰላል» ተብሎ ሲጻፍ ነው።

ለ12ቱም ወር አንድ ዓይነት ታርጌት (ሻጩ እንዲደርስበት የሚጠበቅ የሽያጭ መጠን) መስጠት ደግሞ ጎጃምን አለማወቅ ነው። ጤፉ ተወቅቶ ገንዘቡ ገበሬው እጅ ሲገባ፣ ጥርና የካቲት ላይ፣ ቆርቆሮ ይፈለጋል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡም ጭቃውም ነው፤ ቤት የሚሠራ ጥቂት ነው። የዓመቱን ታርጌት ያለፉት ዓመታት ደረሰኝ በሚያሳየው መጠን ለየወሩ ማከፋፈል ይቻላል፤ ካልኩሌተርና ግማሽ ቀን ይበቃል።

ጳጉሜንም አለች። ደመወዝ የላትም፤ ሽያጭ ግን አላት። ውሉ ዝም ካለ የ5 ወይም የ6 ቀኑ ሽያጭ ከነሐሴም ከመስከረምም ሒሳብ ውጭ ይቀራል። ከነሐሴ ጋር ብትደመር ይሻላል፤ ደካማውን ወር ትደግፈዋለች።