መብቱ የእኛ፣ በጀቱ የሌሎች

ጅማ ውስጥ የሥነ ተዋልዶ መብት፣ ማለትም መውለድንና አለመውለድን በራስ የመወሰን መብት፣ ጉዳይ ሲነሣ ውይይቱን ገና ከመጀመሩ የሚዘጋው «ይህ የፈረንጅ አጀንዳ ነው» የሚለው አባባል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ሁሉ ለሴቶች ክፉ የሚመኙ አይደሉም፤ ብዙዎቹ ልጆቻቸውን በወግ ያሳደጉ፣ የሃይማኖታቸውን ሥርዓት የሚያከብሩ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ጉዳዩን የተመለከቱት ተገልብጦ ይመስለኛል። መብቱ በገዛ ሕጋችን የሠፈረ የራሳችን ነው፤ ከውጭ የመጣው መብቱን በሥራ ላይ ለማዋል ስንጠቀምበት የኖርነው ገንዘብ ነው።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 9 ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ከሚደርስ ጉዳት የሚጠብቃቸውን የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርት፣ መረጃና አቅም የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ይህ የሆነው 179 አገሮች የሥነ ተዋልዶ ጤናን እንደ ሰብዓዊ መብት ከተቀበሉበት የካይሮ ጉባኤ ሦስት ወር ያህል በኋላ ስለሆነ፣ «እንግዲያው ከካይሮ የመጣ ነው» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ሆኖም የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1966፣ ማለትም ከካይሮ ጉባኤ 28 ዓመት ቀድሞ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 በመደፈር ወይም ከቅርብ ዘመድ የተፀነሰን፣ የእናትን ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ የሚጥልን፣ ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጅ ለማሳደግ ያልበቃች ልጅ ያረገዘችውን ጽንስ ማቋረጥን ሲፈቅድም፣ ለሕጉ መሻሻል ከተከራከሩት መካከል በየሆስፒታሉ በደም መፍሰስና በኢንፌክሽን የሚሞቱ ሴቶችን ሲያክሙ የኖሩ ኢትዮጵያውያን የማኅፀንና የጽንስ ሐኪሞች ይገኙበታል።

በእምነቱ ምክንያት ጽንስ ማቋረጥን የማይቀበል ሰው አቋሙ ሊከበርለት ይገባል፤ ሕጉም ማንንም ሴት አያስገድድም። የተደፈረችው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ግን የሌላ ሰውን አቋም በአካሏ እንድትሸከም መገደድ የለባትም።

መብት ስል ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ማለቴ ነው፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የሩማንያው መሪ ቻውሼስኩ የሕዝብ ቁጥር ለማሳደግ እ.ኤ.አ. በ1966 ጽንስ ማቋረጥን ከለከለ፤ ሴቶች በስውር በሚፈጸም ውርጃ በሺዎች ሞቱ፣ አገሪቱም በእናቶች ሞት ከአውሮፓ የመጨረሻውን ስፍራ ያዘች። ክልከላው በ1989 መጨረሻ ሲነሣ በቀጣዩ አንድ ዓመት ብቻ የእናቶች ሞት በግማሽ ያህል ቀነሰ። በተቃራኒው ሕንድ በ1970ዎቹ አጋማሽ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር የሕዝብ ቁጥር ለመቀነስ ስትል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎችን፣ በአብዛኛው ድሆችን፣ ብዙዎቹንም በማስገደድ መካን አድርጋለች። ሁለቱ መንግሥታት የፈለጉት ተቃራኒ ነገር ነበር፤ ያጠፉት ጥፋት ግን አንድ ነው፣ ውሳኔውን ከባለቤቱ ነጠቁ።

ይህ ከእኛ የራቀ ታሪክ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን የወሊድ መቆጣጠሪያ በጤና ኬላ ደረጃ መስጠት ሲጀምሩ የሠለጠኑት እንዲያስገቡት ነበር፤ ማውጣቱ ለጤና ጣቢያ ተተወ። በጌራ ወይም በሊሙ ኮሳ ገጠር ለምትኖርና ልጅ ለመውለድ ለወሰነች ሴት ጤና ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ ከሆነ፣ እዚያም ስትደርስ «የሠለጠነው ባለሙያ የለም» ከተባለች፣ ተጠቃሚ ተብላ በሪፖርት ላይ ብትቆጠርም መብቷ ግን ጎድሏል። (ሪፖርቶቻችን ስንት ሴቶች እንደተቀበሉ ይናገራሉ፤ ለማስወጣት ፈልገው ስንቶቹ እንደተመለሱ የሚጠይቅ ቅጽ ግን አላየሁም።)

ይህን ሁሉ ስል የተገኘውን ውጤት ለማሳነስ አይደለም። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ዘመናዊ የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙ ያገቡ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 6 ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ከመቶ 41 ደርሰዋል። ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንጻር የሚሰላው የእናቶች ሞትም ከ871 ወደ 412 የወረደው እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት ነው። ለዚህ ከማንም በፊት ምስጋና የሚገባቸው ከቤት ቤት በእግራቸው የዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። መርፌውና ክኒኑ ግን በአብዛኛው የተገዛው በለጋሾች ገንዘብ ነበር፤ ያ ገንዘብ ደግሞ ሁልጊዜ ከገመድ ጋር፣ ማለትም ተቀባዩን ከሚያስር ቅድመ ሁኔታ ጋር፣ ነው የሚመጣው።

የገመዱን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1984 በሜክሲኮ ሲቲ የታወጀው የአሜሪካ ፖሊሲ፣ የአሜሪካን የዕርዳታ ገንዘብ የሚቀበል የውጭ ድርጅት፣ ከሌላ ምንጭ ባገኘው ገንዘብ እንኳ ቢሆን ጽንስ ማቋረጥን እንደ ቤተሰብ ምጣኔ ዘዴ እንዳይሰጥ፣ ስለ እርሱም እንዳይመክር በፊርማ ያስገድዳል። ሬገን አመጡት፣ ክሊንተን ሰረዙት፣ ቡሽ መለሱት፣ ኦባማ ሰረዙት፣ ትራምፕ መለሱት፣ ባይደን ሰረዙት፣ ትራምፕም በጥር 2025 እንደገና መለሱት። በእያንዳንዱ ለውጥ የኢትዮጵያ ሕግ ከነበረበት አልተነቃነቀም፤ በኢትዮጵያ ሕግ የተፈቀደውን አገልግሎት የሚሰጠው ተቋም ግን ይፈርም ወይም ገንዘቡን ይጣ ተባለ። የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በቡሽ ዘመን አልፈርምም ብሎ የአሜሪካን ድጋፍ አጥቷል፤ ለእኔ ይህ የሉዓላዊነት ተግባር ነው፣ ምንም እንኳ በዚያ ስም የሚጠራው ሰው ባይኖርም።

በ2025 የሆነው ደግሞ ከፊርማም በላይ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የዕርዳታ ድርጅት የሆነው ዩኤስኤይድ ሲፈርስ የጤና ሚኒስቴራችን በአሜሪካ ገንዘብ ደመወዝ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞችን ውል አቋረጠ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የአሜሪካ መንግሥት በቤልጅየም መጋዘን የተከማቸና 9.7 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት፣ አብዛኛው ለአፍሪካ አገሮች የታሰበ የወሊድ መከላከያ እንዲቃጠል መወሰኑን አስታወቀ። ጊዜው ያላለፈበት መድኃኒት ነበር።

እንግዲህ «የፈረንጅ አጀንዳ ነው» ለሚሉ ወገኖቼ የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፤ የውጭ እጅ ካላማረን፣ ግዢውን ለምን ራሳችን አንሸከምም? የጅማ ዞን ቡና ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ያስገኛል፤ ቡናውን ከሚለቅሙትና ከሚያጥቡት እጆች ብዙዎቹ የሴቶች ናቸው። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በከተማችን ቅርንጫፍ አለው፤ ዩኒቨርሲቲያችን ሐኪምና አዋላጅ ነርስ ያሠለጥናል። የጎደለው በየወረዳው በጀት ውስጥ ለወሊድ መቆጣጠሪያ ግዢ የተለየ፣ ለሌላ ጉዳይ የማይዛወር መስመር ነው። አንድ ወረዳ ሙሉ ወጪውን በአንድ ዓመት ሊሸፍን እንደማይችል ይገባኛል፤ በመርፌው ቢጀምር፣ በየዓመቱም ድርሻውን ቢያሳድግ ይችላል።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ አዲሱን በጀት የሚያጸድቁትም የወረዳ ምክር ቤቶች ናቸው። በስብሰባው ላይ የሚቀመጡ ተመራጮች፣ ወንዶቹም ጭምር፣ ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሊያቀርቡት የሚገባው ጥያቄ ቀላል ነው፤ ለግዢው ከራሳችን ገቢ ስንት ተመድቧል፣ የተቀበረውን ማውጣት የሚችል ባለሙያስ በየትኞቹ ጤና ጣቢያዎች፣ በሳምንት ስንት ቀን ይገኛል?