ከፕሮፖዛል እስከ ዲፌንስ ባለው መንገድ ላይ ማን አለ?

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ተራ እየጠበቅኩ ነበር። ከፊቴ አንዲት ልጅ የማስተርስ ጽሑፏን ታስጠርዛለች። አምስት ኮፒ። የሚጠርዘው ልጅ ገጾቹን እያስተካከለ ቆየና «እህቴ፣ ይሄ የመጨረሻው ምዕራፍ ሁለት ጊዜ ገብቷል እኮ» አላት። ተቀበለችው፣ አገላበጠችው፣ እንባዋ ግጥም አለ። ዲፌንሷ፣ ጽሑፏን በፈታኞች ፊት የምትከላከልበት ቀን፣ ሰኞ ነው።

«አማካሪሽ አላዩትም እንዴ?» አልኳት።

«ፕሮፖዛሉን፣ የጥናት ዕቅዱን አይተውልኛል ጋሼ። አምና።»

ከአምና ወዲህ ያንን ጽሑፍ ገጽ በገጽ ያገላበጠላት ሰው ጠራዡ ነው ማለት ነው። እሱም የገጽ ቁጥር ሊያስተካክል ብሎ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ አላስተምርም። መንግሥታዊ ባልሆነ ድርጅት ውስጥ ከዳታ ጋር ነው የምውለው። ሰፈር ውስጥ ይሄ ስለሚታወቅ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪዎች ቤቴ ይመጣሉ። ከተለያየ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚመጡት። የየትኛውንም ስም አላነሳም፣ ምክንያቱም የሚነግሩኝ ታሪክ አንድ ነው። የምርምር ተማሪ በእኛ አገር ሁለት ቀን ብቻ ነው ሰው የሚያየው። ፕሮፖዛሉን ያቀረበ ዕለትና ዲፌንስ ያደረገ ዕለት። በመሀል አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ለፒኤችዲ ከሆነ አራትና አምስት ዓመት አለ። ምርምሩ የሚሠራው እዚያ መሀል ላይ ነው፤ የሚበላሸውም እዚያው ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። ማስተርሴን የተማርኩት ከዚህ ርቄ ነው፤ ዳታ ለመሰብሰብ ግን ወደ አገሬ መጣሁ። ከድሬዳዋ ወጥታችሁ የደንገጎን ዳገት ስትጨርሱ ያሉ ቀበሌዎችን ያዝኩ። መጠይቄ አሥራ አንድ ገጽ ነው። አንዲት ጫት የምትሸጥ እናት ጋ ደረስኩና፣ አብሮኝ ያለው ልጅ በኦሮምኛ እየተረጎመልኝ፣ «ወርሃዊ ገቢዎ ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ሴትዮዋ ዝም ብላ አየችን። ከዚያ በትዕግሥት ማስረዳት ጀመረች። የጠዋቱ ዋጋና የከሰዓቱ ዋጋ አንድ አይደለም። ዝናብ ሲዘንብና ሳይዘንብ አንድ አይደለም። አንዳንድ ቀን እሷ አወዳይ ትወርዳለች፣ አንዳንድ ቀን ምራቷ ናት የምትወርደው፣ ብሩ ደግሞ እቤት ሲደርስ ይቀላቀላል። «የትኛውን ወር ነው የምትለኝ?» አለችኝ በመጨረሻ።

እኔ ምን አደረግኩ? ከተደረደሩት ሳጥኖች ሁለተኛው ላይ ምልክት አድርጌ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ።

ያ ምልክት ኋላ ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታትስቲክስ ሶፍትዌር ውስጥ ገባ፣ ከሌሎቹ ጋር ተደምሮ አማካይ ወጣለት፣ ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ ይዞ ሠንጠረዥ ላይ ተቀመጠ። ዲፌንስ ላይ ማንም ስለ እሱ አልጠየቀኝም። ዛሬ ድረስ ያ ሠንጠረዥ ሲታወሰኝ ይከነክነኛል። ሴትዮዋ እውነቷን ነግራኝ ነበር፤ ወረቀቴ ላይ የሚይዝ ቦታ ነው ያልነበረው።

የሚያናድደው ይሄ ስህተት ለማረም ቀላል መሆኑ ነው። ወደ ገጠር ከመውጣቴ በፊት አንድ ሰው «መጠይቅህን አሥር ሰው ላይ ሞክረህ ና» ቢለኝ፣ በማግሥቱ «ወርሃዊ» የሚለውን ሰርዤ «ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን ሸጡ? ትናንትናስ ስንት አገኙ?» ብዬ እጽፍ ነበር። የምርምር ዘዴ ኮርስ አልወሰድኩም ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም፣ ወስጃለሁ፣ ኤ ነው ያገኘሁት። የናሙና ዓይነቶችን ትርጉም በቃሌ አውቃለሁ። ቅድመ ሙከራ የሚለውንም ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ። ግን ያ ትምህርት የተሰጠኝ በመጀመሪያው ሴሚስተር ነው፣ መጠይቅ የሚባል ነገር በእጄ ሳይኖር። ባስፈለገኝ ቀን ማንም አልነበረም።

ለዚህ ነው ሥልጠናው ጊዜውን ይጠብቅ የምለው። ተማሪው መጠይቅ ሲያዘጋጅ ስለ መጠይቅ፣ ዳታ ይዞ ሲመለስ ስለ ዳታ ማጽዳት፣ መጻፍ ሲጀምር ስለ አጻጻፍ። ግማሽ ቀን ይበቃል፤ ግን በራሱ ወረቀት ላይ ይሁን፣ በአዳራሽ ፓወርፖይንት ሳይሆን። በተለይ እዚህ እኛ ጋ የቋንቋው ነገር አለ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ መጠይቅ ወደ አማርኛ፣ ከዚያ ወደ ኦሮምኛ፣ ወደ ሶማልኛ፣ ሐረር ከሆነ ደግሞ ወደ ሐረሪ ይሄዳል። መንገድ ላይ የሚጠፋው ብዙ ነው። መጀመሪያ የተጻፈውን ያላየ ሌላ ሰው መልሶ እንዲተረጉመው ማድረግ የታወቀ መላ ነው፣ ብዙ ገንዘብም አይፈልግም። ከሚመጡልኝ ተማሪዎች ይህን ያደረገ ጥቂት ነው። ሰንፈው አይደለም፣ የነገራቸው የለም።

ወደ አማካሪዎቹ ልምጣ። ሰዎቹን መውቀስ አልፈልግም። ብዙዎቹን አውቃቸዋለሁ። ኮርስ ያስተምራሉ፣ ስብሰባ ይቀመጣሉ፣ ደመወዙ ስለማይበቃ ማታ ሌላ ቦታ ያስተምራሉ። ከዚያ ላይ አማካሪነት ይጨመርባቸዋል። አማካሪነት ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ግን ማንም አላስተማራቸውም። ዶክትሬቱን ትናንት የያዘ ሰው ዛሬ ተማሪ ይመደብለታል። እሱ ራሱ የተማከረው በምን መንገድ ነው? በዝምታ ከሆነ፣ እሱም በዝምታ ነው የሚያማክረው። አንድ ተማሪ ከስድስት ሳምንት በኋላ የተመለሰለትን ምዕራፍ አሳይቶኛል። አርባ ገጽ ነው። ዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ያለው አንድ ቃል ነው፦ «አሻሽል»። ምኑን? ወዴት? ልጁ ሦስት ቀን ያቺን ቃል ሲያይ ከርሞ ወደ እኔ መጣ።

ተማሪውስ? ተማሪውም ይጠፋል፣ እውነቱን እንነጋገር። «እየሠራሁ ነው» እያለ ሦስት ወር ይደበቃል። ግን ለምን እንደሚደበቅ ስጠይቅ የማገኘው መልስ ይሉኝታ ነው። «እንዴት ደውዬ አስቸግራቸዋለሁ?» «ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሥራ ይበዛባቸዋል።» «ባዶ እጄን እንዴት እቀርባለሁ?» በሥርዓት ያደገ ልጅ አማካሪውን ማስታወስ ነውር ይመስለዋል። አማካሪው ደግሞ ተማሪው ዝም ሲል ደህና ነው ብሎ ያስባል። ሁለቱም በየቤታቸው ጨዋ ሆነው ዓመቱ ያልቃል። ልጅ የያዘች እናት ከሆነች፣ ወይም በሳምንት ሃያ ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር የወረዳ መምህር ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አንዴ ከተቋረጠ መመለሻው ከባድ ነው።

እኔ ብሆን ከመጀመሪያው ቀን አንድ ገጽ ወረቀት አስፈርማለሁ። በየስንት ሳምንት እንደሚገናኙ። የተላከ ምዕራፍ በስንት ቀን እንደሚመለስ። ከጽሑፉ መጣጥፍ ከወጣ የማን ስም ቀድሞ እንደሚገባ። አማካሪው ለጥናት ውጭ አገር ቢሄድ ማን እንደሚተካ። ወረቀቱ ላይ ካለ ተማሪው «ዛሬ አሥራ አምስት ቀኑ ነው» ብሎ ቢደውል ድፍረት አይሆንበትም። ይሉኝታን ወረቀት ይገላግለናል። በተጨማሪ ደግሞ አንድ አማካሪ የሚይዘው ተማሪ ገደብ ይኑረው፣ የማማከር ሰዓቱም እንደ ማስተማር ሰዓት ይቆጠርለት። ሥራ ተብሎ ካልተቆጠረ በትርፍ ጊዜ ነው የሚሠራው፣ ትርፍ ጊዜ ደግሞ የለም።

ሰው የሌለበት ቦታ ገበያ ይገባበታል። ቴሌግራም ላይ «ተሲስ እናማክራለን» የሚል ማስታወቂያ ያላየ አለ? ማማከር አይደለም፣ ጽፈው ይሸጣሉ። ይሄ ስርቆት ነው፣ ገዢውም ሻጩም ተጠያቂ ናቸው። ግን ልትገዛ አስባ የነበረች አንዲት ልጅ «ቢያንስ እነሱ ስደውል ያነሳሉ» ያለችኝን አልረሳውም። አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ መጥቷል። ባለፈው አንድ ተማሪ በእሱ አሠርቶ ካመጣው የማጣቀሻ ዝርዝር ውስጥ አራቱን ብፈልግ ብፈልግ በምድር ላይ የሉም። ርዕሳቸው ያምራል፣ ዓመት አላቸው፣ ወጡበት የተባለ ጆርናል፣ የምርምር መጽሔት አላቸው፣ ጽሑፉ ግን የለም። ልጁ ደነገጠ። ቻትጂፒቲ እንደዚህ ሊፈጥር እንደሚችል አያውቅም ነበር።

ከዚያ ጆርናሎቹ አሉ። «ክቡር ፕሮፌሰር» እያለ ለማስተርስ ተማሪ ኢሜይል የሚልክ፣ በሳምንት አነበብነው ብሎ በዶላር የሚያስከፍል። ጄፍሪ ቢል የሚባል አሜሪካዊ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነዚህን ስም እየዘረዘረ ያወጣ ነበር፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ዝርዝሩን ከድረ ገጹ አነሳው። አሁን አንድ ልጅ ሊያትም ሲያስብ ከጎኑ ሆኖ «ቆይ፣ አዘጋጆቹን እንያቸው» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል።

በነፃ ያለውስ ነገር? ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባል ፕሮግራም አለ። የጤናው ክፍል ሂናሪ በ2002 እ.ኤ.አ. ነው የጀመረው። የኢትዮጵያ ተቋማት በክፍያ የሚነበቡ በሺዎች የሚቆጠሩ ጆርናሎችን ያለ ክፍያ እንዲያነቡ ይፈቅዳል። ማጣቀሻ የሚያደራጀው ዞቴሮ ነፃ ነው። አር የሚባለው የስታትስቲክስ ሶፍትዌር ነፃ ነው። ኦተርኤይድ ላይ ልምድ ያለው ተመራማሪ ከሌላ አገር ሆኖ ረቂቅህን በነፃ ያይልሃል። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ቤት ስለ ሂናሪ የሰሙ የጤና ተማሪዎች አሉ። የይለፍ ቃሉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጦ እነሱ ከአብስትራክት፣ ከጽሑፎቹ አጭር ማጠቃለያ ላይ ብቻ ሊትሬቸር ሪቪው፣ የቀደሙ ጥናቶችን ዳሰሳ ይጽፋሉ።

ይሄን ሁሉ የምለው ነገሩ የአንድ ሰው ዲግሪ ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ ነው። ምሥራቁ የምርምር አገር ነው። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በ1940ዎቹ አሜሪካ ካለው ከዛሬው ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የተቋቋመ የእርሻ ኮሌጅ ነበር፤ ድኅረ ምረቃ ከጀመረ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ተከፈተ። ጥያቄው ደግሞ ደጃችን ላይ ነው። የሐረማያ ሐይቅ፣ የሐረር ሰው ይጠጣው የነበረው ውሃ፣ ኋላ መልሶ ውሃ ቢይዝም በ1990ዎቹ ዓይናችን እያየ ደረቀ። በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ የሚባለው በትንኝ የሚተላለፍ በሽታ ድሬዳዋን ቤት ለቤት አስተኛት፣ አቦ፣ መገጣጠሚያው ያልታመመ ሰው ማግኘት ከባድ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ በበጋ፣ ወባ በማይጠበቅበት ጊዜ፣ ከተማውንም የዩኒቨርሲቲውን ዶርም ጭምር ወባ መታው። ተመራማሪዎች ሲያጣሩ ወረርሽኙን አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከሚባለው ትንኝ ጋር አገናኙት። ከእስያ የመጣ ትንኝ ነው። እኛ አገር መጀመሪያ የተገኘው በ2016 እ.ኤ.አ. ሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ላይ ነው። እንደ ገጠሩ የወባ ትንኝ ረግረግ አይፈልግም፤ ውሃ እየጠፋ ስላስቸገረን በየግቢያችን ሞልተን ያስቀመጥነው በርሜልና ሮቶ ይበቃዋል።

እስቲ አስቡት፤ በርሜል ከፍቶ እጭ መቁጠር ለአንድ የማስተርስ ተማሪ የሚሆን ሥራ ነው። የሚያስፈልገው የእጅ ባትሪ፣ ውሃ መጭለፊያ፣ የሰፈሩን ቋንቋ ማወቅና እንዴት እንደሚቆጠር የሚያሳየው ሰው ነው። ቀርሳ ወረዳ ላይ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤት ለቤት እየተዞረ ልደት፣ ሞትና ፍልሰት የሚመዘገብበት የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የክትትል ጣቢያ አለ። ማንኛውም የምርምር ተማሪ የራሱን መጠይቅ ከመጻፉ በፊት እንዲህ ያለ ቦታ ሁለት ሳምንት ከመዝጋቢዎቹ ጋር ቢዞር፣ እኔ በጫት ሻጯ እናት ላይ የሠራሁትን ስህተት አይደግምም ነበር።

እስከዚያው ግን ተማሪዎቹ ራሳቸው አንድ ነገር ጀምረዋል። አምስት ሆነው ሐሙስ ሐሙስ፣ ሙቀቱ ሲበርድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እኔ ግቢ ዛፍ ሥር ይሰበሰባሉ። አንዱ አምስት ገጽ ያመጣል፣ አራቱ ያነባሉ፣ ያልገባቸውን ይናገራሉ። ሙያቸው ይለያያል። አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ የአፈር ተማሪ ነው፣ አንዱ ታሪክ ያጠናል። ነርሷ የአፈሩን ጽሑፍ ይዛ «ይሄ አረፍተ ነገር ምን ማለት ነው?» ስትለው፣ ልጁ ሊያስረዳት ሞክሮ አቃተው። ወረቀቱን ተቀብሎ ዝም ብሎ አየውና «እኔም አልገባኝም ለካ» አለ። ያን ማታ እንደገና ጻፈው። ለዚህ በጀት አላስፈለገም። አንድ ዩኒቨርሲቲ በየትምህርት ክፍሉ አንድ ክፍል፣ አንድ ሰዓት፣ ሻይ የሚያፈላ ሰውና ቁጭ ብሎ የሚሰማ አንድ መምህር ቢመድብ ይሄን በአሥር እጥፍ ማድረግ ይችላል።

ፎቶ ኮፒ ቤት ያገኘኋት ልጅ የተደገመውን ምዕራፍ አውጥታ እንደገና አስጠርዛ ሄደች። ስልኬን ሰጥቻት ነበር። ሰኞ ማታ መልእክት ላከች፦ «አልፌያለሁ ጋሼ፣ ግን እርማቱ ስድስት ገጽ ነው። ከየት ልጀምር?»

ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘሽው ነይ አልኳት።