ምርጫ በዕጣ ሰፈር

እኛ የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ከምርጫ ጋር ብዙም ትውውቅ የለንም። እኔ ራሴ በ1997 ዓ.ም. ተመዝግቤ፣ ለዓመታት ጠብቄ፣ ዕጣው ሲወጣ ስሜን ጋዜጣ ላይ በጣቴ እየተከተልሁ ያገኘሁ ሰው ነኝ፤ ሰፈሩንም፣ ፎቁንም፣ ከጭንቅላቴ በላይ በእኩለ ሌሊት ቡና የሚወቅጠውን ጎረቤቴንም «ደረሰኝ» እንጂ «መረጥሁ» ማለት አልችልም። ዩኒቨርሲቲም በእኛ ጊዜ እንደዚሁ የሚደርስ ነገር ነበር፤ ሁሉም ቅጹ ላይ አዲስ አበባን አንደኛ አድርጎ ይሞላል፣ ከዚያ ዓለማያ ወይም ጅማ የደረሰው ሻንጣውን አንሥቶ ይሄዳል። ስለዚህ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የገባችው ልጄ «አባዬ፣ አሜሪካ ለማመልከት ሚዛናዊ የኮሌጅ ዝርዝር መሥራት አለብን» ባለችኝ ጊዜ፣ ሚዛን ሲባል ወደ አእምሮዬ የመጣው የሥጋ ቤቱ ብቻ ነበር፤ እሱም ሚዛናዊ ነው ብዬ አልምልም።

ልጄ ነገሩን ያብራራችው እሑድ ቡና ላይ፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት ነው። ዝርዝሩ ሦስት ዓይነት ኮሌጆችን መያዝ አለበት። «ሪች» የሚባሉት ማንም ቢያመለክት የመግባት ዕድሉ የመነመነባቸው ናቸው፤ «ታርጌት» የሚባሉት የሚቀበሏቸው ተማሪዎች ውጤት ከእሷ ውጤት ጋር የሚመጣጠን፣ «ሴፍቲ» የሚባሉት ደግሞ ያለ ጥርጥር የሚቀበሏት ናቸው። ኮመን አፕ በተባለው የጋራ ማመልከቻ እስከ 20 ኮሌጅ ድረስ መላክ ስለሚቻል፣ ከየዓይነቱ ጥቂት ጥቂት ማድረግ ብልህነት ነው አለች።

ባለቤቴ ስኒ እያቀረበች «ሪች ማለት ሀብታም አይደል? እንግዲያው ሀብታሞቹን አብዢ፤ ከድሃ ኮሌጅ ምን ይገኛል?» አለች። ልጄ ሁለቱ ቃላት በእንግሊዝኛ የተለያዩ መሆናቸውን ለማስረዳት ብትሞክርም፣ በፊደላችን ስትጽፋቸው ሁለቱም «ሪች» ሆነው ቁጭ ስላሉ ክርክሩን ተሸነፈች። ከታችኛው ፎቅ የመጡት ጎረቤታችን ጋሼ ፎርማን ደግሞ ስለ ሪችም ሆነ ስለ ታርጌት ግድ አልሰጣቸውም። «ሴፍቲማ ግዴታ ነው» አሉ፣ እግራቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ብረት ለበስ ጫማቸውን እያሳዩን። «ያለ ሴፍቲ ሳይት የሚገባ ሰው እኔ ባለሁበት አይኖርም። ሄልሜቱ ይቅር ቢባል እንኳ ጫማው አይቀርም።»

ሁላችንም ሳቅን። ማታ ግን እኔና ልጄ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠን ወጪውን ማየት ስንጀምር ሳቁ ቀስ በቀስ ወደ ባለቤቴ ዞረ፤ ትክክለኛዋ እሷ ነበረችና። ታዋቂ በሆኑት የግል ኮሌጆች የአንድ ዓመት ወጪ ከ80 ሺህ ዶላር ይበልጣል፤ ወደ ብር መንዝሬ አራቱን ዓመት ሳባዛ ኮንዶሚኒየሜን ስንት ጊዜ እንደሸጥሁት ቆጠራው ጠፋኝ። ሆኖም ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም.አይ.ቲ.፣ አምኸርስት፣ ዳርትመዝና ቦውደን የውጭ አገር አመልካችን ሲመርጡ የቤተሰቡን ኪስ አይመለከቱም፤ ከተቀበሉት ደግሞ ቤተሰቡ መክፈል የማይችለውን ራሳቸው ይሞላሉ። ሪቾቹ በእርግጥም ሀብታሞች ናቸው። ሴፍቲ የተባሉት፣ ማለትም ልጄን በደስታ የሚቀበሏት ኮሌጆች ግን፣ አብዛኞቹ ለውጭ አገር ተማሪ ሙሉ ወጪ አይሸፍኑም፤ የመቀበያ ደብዳቤውን ከእንኳን ደስ አለሽ ጋር ይልኩና፣ ለቪዛው የሚያስፈልገውን አይ-20 የተባለ ቅጽ ለመስጠት የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚችል ገንዘብ ባንክ መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃሉ። የእኔ የባንክ ሒሳብ የሚያሳየው የቤቱ ወርሃዊ ክፍያ በየትኛው ወር እንደዘገየ ነው። ስለዚህ ለአሜሪካዊ ልጅ መሰላል የሆነው ዝርዝር እኛ ቤት ሲደርስ ተገልብጦ ቆመ፤ የሚቀበሉን አይከፍሉልንም፣ የሚከፍሉልን አይቀበሉንም።

በዚህ መሐል ዘመድ ዝርዝሩን በራሱ ሚዛን መመዘን ጀመረ። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው እህቴ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ካልተጨመረ እንደምትቀየም አስታወቀች፤ ምክንያቷም ልጅቷ እሑድ እሑድ ቤቷ መጥታ ሽሮ መብላት ትችላለች የሚል ነው። ስለ ክፍያው ስጠይቃት «እሱን እግዚአብሔር ያውቃል» አለችኝ። የዕድራችን ዳኛ በበኩላቸው ሃርቫርድን ብቻ ያውቃሉ፤ አምኸርስትና ቦውደን እያንዳንዳቸው ሁለት ሺህ የማይሞላ ተማሪ እንዳላቸው ስነግራቸው፣ የዕድሩን አባላት ቆጥረው ሊያነጻጽሩ እንደፈለጉ ፊታቸው ላይ አየሁ። ኬንታኪ ያለው ቤሪያ ኮሌጅ ተማሪዎቹን የትምህርት ክፍያ ሳያስከፍል ግቢው ውስጥ እንደሚያሠራ የሰማችው ባለቤቴ ደግሞ ወዲያውኑ ደገፈችው፤ እዚህ ቤት ጀበና አጥባ የማታውቅ ልጅ እዚያ ሥራ ስትለምድ ማየት ትፈልጋለች።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ኧርሊ ዲሲዥን የሚሉት ነው። በመደበኛው መንገድ ማመልከት በአንድ ቀን ለዐሥራ ሁለት ቤት ሽማግሌ እንደ መላክ ነው፤ በአገራችን ይህን ያደረገ ሰው ፊቱን ሸፍኖ ይሄዳል፣ እነሱ ዘንድ ግን ነውር የለውም። ኧርሊ ዲሲዥን ግን ለአንድ ቤት ብቻ ሽማግሌ ልኮ፣ እሺ ከተባሉ ሌላውን ሁሉ ትቼ እገባለሁ ብሎ ቀድሞ መፈረም ነው። እኔ ያደግሁበትን ሥርዓት የሚመስለው ይኸኛው ስለሆነ ወደድሁት፤ ልጄ ግን «ጥሎሹ ስንት እንደሆነ ሳናውቅ አንፈርምም» አለችኝ። ከማን እንደወጣች አላውቅም።

በመጨረሻ የዝርዝሩ ግርጌ ላይ «ሴፍቲ» የሚለው ቦታ ባዶ ቀረ። «እዚሁ አገር ቤት ያለው ይሁንልሽ» ልላት ስል ራሴ አቆምሁ። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ ሃርቫርድ በቅርብ ዓመታት ከሚቀበለው ጋር ጎን ለጎን ሲታዩ ወንድማማቾች ይመስላሉ። ከሰፈራችን ብዙም የማይርቀው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ቢሆን፣ ብሔራዊ ፈተናውን ላለፈ ተማሪ የራሱ መግቢያ ፈተና አለው።

በሚቀጥለው እሑድ ጋሼ ፎርማን ገና ሳይቀመጡ «ሴፍቲው ተገኘ?» ብለው ጠየቁ። እንዳልተገኘ ስነግራቸው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ልጄ ዞሩ። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ሳይት ትርፍ አለን። የእግርሽ ቁጥር ስንት ነው?»