ለነጭ ሣጥን የተሰጠ አደራ

ጎጃሜ በሬ ሲገዛ ጥርሱን ሳያይ፣ ጭራውን ሳይጎትት፣ የሻጩን ዘር ማንዘር ሳይጠይቅ ብር አያወጣም። ጤፉን ጎተራ አስገብቶ ይመርጋል፤ ለገዛ ወንድሙ ሲያበድር እንኳ ምስክር ያስቀምጣል። ይኸው ሰው ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ ምን እንደሚነካው እንጃ፤ ሲያምጥ ያደረበትን ጽሑፍ ድረ ገጽ ላይ ላለች አንዲት ነጭ የመጻፊያ ሣጥን አደራ ብሎ ያለ ምስክር ቡና ሊጠጣ ይነሣል።

ይህን የምለው እዚህ ደብረ ማርቆስ ጂኦካሺንግ የሚሉት ነገር ስለጠናበት ጎረቤቴ ነው። ጨዋታው አንዱ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ደብተር ከትቶ ይደብቅና ቦታውን በጂፒኤስ፣ ማለት በሳተላይት ቦታ በሚያሳይ መሣሪያ፣ ለክቶ ኢንተርኔት ላይ ያሰፍራል፤ ሌላው ፈልጎ ያገኛል፣ ደብተሩ ላይ ይፈርማል፣ ዕቃውን እዚያው ይመልሳል። የአሜሪካ መንግሥት ሆን ብሎ ሲያዛባው የኖረውን የጂፒኤስ ሞገድ ለሕዝብ ባስተካከለ ማግስት፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1992 ዓ.ም.፣ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ አንድ ባልዲ ደብቆ ጀመረው። የጎረቤቴ እናት ነገሩ ሲነገራቸው «ደብቆ የት እንደደበቁ ለአገር መናገር ምን የሚሉት መደበቅ ነው?» አሉ። ልጃቸው መልስ አልነበረውም፤ እኔም የለኝም።

መደበቁስ ቀላል ነው። ፈተናው ዕቃውን ኢንተርኔት ላይ የሚያስመዘግቡበትን ገጽ መሙላት ላይ ነው። የፍለጋው ክብደትና የመንገዱ አስቸጋሪነት ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጣቸዋል። ከሌላ ሰው ዕቃ ቢያንስ 161 ሜትር መራቅ አለ። በጎ ፈቃደኛ ገምጋሚ ሳያየውም አይወጣም። ከዚያ የቦታው ገለጻ ይመጣል። ሣጥኗ ሰፊ ናት፤ ጎጃሜ ደግሞ ሰፊ ቦታ ካገኘ አጭር ነገር አያውቅም። ጎረቤቴ ከተማችን መንቆረር ትባል ከነበረበት ዘመን ተነሣ፤ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በኩል አልፎ ዕቃው የተቀመጠበት ዋንዛ ሥር ሊደርስ ሁለት አንቀጽ ሲቀረው «ና፣ ቡና ደርሷል» ተባለ።

ድረ ገጹ ቡና አያውቅም። ሣጥኗ ውስጥ የተጻፈው ሁሉ «አስቀምጥ» የምትለዋ ቁልፍ እስክትጫን ድረስ እዚያው ስክሪን ላይ ነው፤ ወዲያ ማዶ ላለው ኮምፒውተር አንዲት ፊደል አልደረሰችውም። ለእሱ ሰውዬው ዝም ብሏል፤ ዝም ያለውን ደግሞ ሄዷል ብሎ በሩን ይዘጋበታል። እኛ ዘንድ ግን በአቦል ተነሥቶ የሚሄድ ልጅ ያላደገ ነው። ቶና ላይ እንግዳ ገባ። የእንግዳው ከብት፣ አዝመራው፣ ሞጣ ያለችው አክስቱ ጉልበት በየተራ ደኅንነታቸው ተጠየቀ። በረካ ተጠጥቶ፣ ተመርቆ፣ ልጁ ተመልሶ ቁልፏን ቢጫን «ማን ነህ? እንደገና ግባ» አለችው። ገባ። ሣጥኗ ተጠርጋ ጠበቀችው፤ መንቆረርም የለ፣ ንጉሡም የሉ።

ጩኸቱን የሰሙ መጡ። አንዷ ጎረቤት ማን እንደሞተ ሳታጣራ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ነበር የደረሰችው። አጎቱ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» አሉ። ኮምፒውተር እናውቃለን የሚሉት «ሰይቭ አላደረግኸውም?» አሉት፤ ጽሑፉ ከመጥፋቱ በፊት ይህን የሚጠይቅ ሰው ገና አልተወለደም። ዋሸራ ቅኔ የቆጠሩት መሪጌታ ብቻ አልደነገጡም፦ «ቅኔ አንዴ ከተዘረፈ አይደገም፤ ሌላ ዝረፍ!»

ሌላ ለመዝረፍ ግን የመሪጌታ ጭንቅላት ይጠይቃል። ለእኛ ቢጤ የሚያዋጣው ገለጻውን መጀመሪያ ኖትፓድ (ኮምፒውተሩ ላይ ያለ ተራ መጻፊያ) ወይም የስልክ ማስታወሻ ላይ ጽፎ ማስቀመጥ፣ ካለቀ በኋላ ገልብጦ ሣጥኗ ውስጥ መለጠፍ ነው። ዎርድ ባይሆን ይመረጣል፤ ከዎርድ የመጣ ጽሑፍ ዓይን የማያየው ኮተት አዝሎ ይገባና ገጹን ያበላሻል። ስምና ቦታ ብቻ ሞልቶ ቀድሞ ማስቀመጥም ይቻላል፤ ለገምጋሚው እስኪላክና እስኪጸድቅ ድረስ ተጫዋች አያየውም። እዚያው ሣጥኗ ላይ ልጻፍ ብሎ ድርቅ ላለ ደግሞ፣ ቁልፏን ከመጫኑ በፊት ኮንትሮል ኤ (ሁሉን ምረጥ)፣ ኮንትሮል ሲ (ኮፒ አድርግ) ይበል። ወዲያው ሌላ ቦታ ካልለጠፈው ግን ቀጥሎ ኮፒ የሚያደርገው የቴሌግራም ቀልድ ቦታውን ይወስድበታል።

ልጁ ይህን ሁሉ አደረገና ዕቃው የት እንደተደበቀ የሚጠቁመው ፍንጭ ላይ ደረሰ። ድረ ገጹ ፍንጭን የሚደብቀው እያንዳንዱን ፊደል 13 ቦታ እያዛወረ ነው፤ የሚያዛውረው ግን የላቲኑን 26 ፊደል ብቻ ነው። የኛን ፊደል አይነካም። «ከዋንዛው ሥር፣ ከጠፍጣፋው ድንጋይ በታች» ያላት ራቁቷን ቆማ ታየች። መሪጌታ ዘንድ ይዟት ሄደ፤ ሰምና ወርቅ አድርገው መለሱለት። ሰሙ ስለ አንድ ባሕታዊ ነው። ወርቁን እስካሁን ያገኘው የለም።

ዕቃዋን ግን እረኞች ያለ ፍንጭ አገኟት። ደብተሩን ለዋንዛው ትተው፣ ክዳን ያላትን ፕላስቲክ ለቆሏቸው ወሰዷት። ገለጻው ደህና ነው፤ ኖትፓድ ላይ አለ፣ ስልክ ላይ አለ፣ ፍላሽ ላይ አለ፣ በወረቀት ታትሞም እናቱ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።