ዱልዱም ቢላዋ ሰጥታችሁ «ሙያ የላትም» አትበሉ

ደሴ ላይ ድግስ ሲደርስ ሽንኩርቱ በጆንያ ይመጣል። ጎረቤት ይጠራል። ቢላዋ ከየቤቱ ይሰበሰባል፤ አንዱም አይቆርጥም!

የሰሞኑ ግን አንጀቴን አሳረረው። ሆጤ አካባቢ ለሰርግ ሥራ ተሰብስበናል። አንዲት ልጅ፣ ገና አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ስለቱ የማንኪያ ጀርባ የመሰለ ቢላዋ ሰጧት። ስትጫነው ይንሸራተታል። ሽንኩርቱ ይጨፈለቃል፣ ውሃው በመዳፏ ይወርዳል። እንባዋም ይወርዳል። «ምን ዓይነት እጅ ነው? እናትሽ አላስተማረችሽም?» አሏት። በሰው ፊት!

ኧረ በፈጠራችሁ! ጥፋቱ የቢላዋው ነው። ሽንኩርት ሲቆረጥ ዓይን የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። ስለታም ቢላዋ ሰንጥቆት ያልፋል። ዱልዱሙ ስለሚጨፈልቀው ጋዙ ይብሳል። ጣት የሚያቆስለውም እሱ ነው፤ በጉልበት ሲጫኑት ያመልጣላ።

ወጡስ? ለዶሮ ወጥ ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት ነው የሚቁላላው። ደቃቁ ሲያር ጉማጁ ገና ጥሬ ነው። ያኔ ደግሞ የምታማስለዋ ትወቀሳለች። ክንዷ እስኪዝል ብታማስል፣ እኩል ያልተከተፈ ሽንኩርት እኩል አይበስልም። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ውሃ እዚህ ገና 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ስለሚፈላ ምግብ ቶሎ አይበስልም። በዚያ ላይ ድንችና ካሮቱ ወፍሮ ከተቆረጠ መቼ ሊበስል ነው? ኮምቦልቻ ወረድ ስለምትል ትንሽ ይሻላቸዋል።

መላ የለውም እንዳትሉኝ። ሞረድ ከሌለ ሲኒውን ገልብጡት። ከሥሩ ያለው ሻካራ ቀለበት ስለት ያወጣል። ቢላዋውን ጋደም አድርጎ ሁለቱንም ጎን እያፈራረቁ መሳብ ነው። ሽንኩርቱንም ሥሩን ቆርጣችሁ ሳትጥሉ ለሁለት ክፈሉት፤ ሥሩ ድርብርቡን አጥብቆ ይይዘዋል። ጠፍጣፋውን ፊት መክተፊያው ላይ ስታስቀምጡት አይንከባለልም። ልጅ በዚህ ነው የሚማረው፣ በስድብ አይደለም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ሌላ ነው። እዚያው ግቢ በሬው ሊታረድ ሲል ወንዶቹ ካራውን ደጋግመው ሳሉት። እንስሳው እንዳይሰቃይ ነው፤ ተገቢ ነው። ሞረዱ ግን እዚያው ውጭ ቀረ። ጓዳ ያሉት ሴቶች እስከ ማታ በዱልዱም ቢላዋ ከተፉ። አንድም ሰው «እስቲ የእናንተንም አምጡት» አላለም።

ገና መልስ አለብን። የምትመጡ ሁሉ ቢላዋችሁን ከዋዜማው ስላችሁ አምጡ። ወንዶችም ሞረዱን ወደ ጓዳ አቀብሉን። ልጅቷን ደግሞ የተናገራችኋት ሰዎች ቤቷ ሄዳችሁ ይቅርታ ጠይቋት።