ማር በነካው እጅ ስልክ አይነካም

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ አንድ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት ለንብ አናቢዎች በዓመት ሁለቴ የሚያሳትማት ቀጭን መጽሔት ነበረች። ከእንግዲህ አትታተምም፤ በቴሌግራም ቻናል ብቻ ትለቀቃለች ተባልን። ኃላፊው ፈገግ ብለው "ብራናው ቀርቷል፤ ወረቀቱም ይቀራል" አሉ። ግማሹ አዳራሽ አጨበጨበ።

ብራናው የት ቀረ? ጎጃም ላይ ቆሞ እንዲህ ማለት ድፍረት ይጠይቃል። ዛሬም ቆዳ ወጥሮ የሚፍቅ፣ መቃ ቀርጾ በቀይና በጥቁር ቀለም የሚጽፍ ሰው አለን። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ከተቋቋመ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ብራናው ግን አልሞተም። ሥራው ጠበበ እንጂ። የሙያ መጽሔትም ድሮውንም ጠባብ ናት። ለሁሉም ሰው ልሁን ብላ አታውቅም።

"የሚታተመው ጥቂት መቶ ቅጂ ነው፤ ቴሌግራም ላይ ሺዎች ያዩታል" የሚለው ክርክር ደግሞ ይብሳል። አየ ማለት አነበበ ማለት ነው እንዴ? አንድ ቅጂ አንድ አንባቢ ነው ያለውስ ማነው? ቡሬ አንድ አናጢ አውቃለሁ። ከዚችው መጽሔት የተገነጠለ ገጽ ግድግዳው ላይ በምስማር መትቷል። የዘመናዊ ቀፎ ንድፍ ነው፤ ልኩ በሴንቲ ሜትር ተጽፎበታል። ወረቀቱ ሰጋቱራ ጠጥቶ ቢጫ ሆኗል። ጥጉ ላይ የደንበኛ ስልክ ቁጥር በእርሳስ ተጭሯል። እንግዲህ ቁጠሩልኝ። አንባቢው አናጢው ብቻ ነው? ቀፎውን ያሠራው ገበሬስ? ማሩን ገበያ ያወጣችው ባለቤቱስ? ቀፎውን አይቶ "ለእኔም ሥራልኝ" ያለው ጎረቤትስ? መጽሔቷ ፀጉር ቤት ትገባለች፣ ከዚያ ጠላ ቤት፣ ከዚያ ገጠር ትወርዳለች። ማንበብ የማይችል አባት ልጁን "በል አንብብልኝ" ይለዋል። መጨረሻዋ የበርበሬ መጠቅለያ ቢሆን እንኳ፣ በርበሬ የገዛው ሰው አንድ አንቀጽ ሳያነብ አይጥላትም።

ጥቅምትና ኅዳር ማር ሲቆረጥ ደግሞ መጥታችሁ እዩ። ጢሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ጓንቱ ወፍራም ነው፣ እጅ ማር በማር ይሆናል። በዚያ እጅ ስልክ እየዳበሰ የባለፈውን ወር ፖስት የሚፈልግ አናቢ ካለ ንቦቹ ይፍረዱ።

ስለ ኔትወርክማ ለእኛ አይነገርም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት ጠፍቶ ቆየ። ያኔ የትኛው ቻናል ደረሰልን? እኔ ቤት ከአልጋ ሥር የነበሩ አሮጌ መጽሔቶች ግን ወጥተው፣ ጎረቤት ዞረው፣ ሽፋናቸው ተገንጥሎ ተመለሱ። ሁለቱ እንዲያውም እስካሁን አልተመለሱም።

"ዓለም ወደ ዲጂታል ሄዷል" ይሉናል። ይሂድ። ፖፑላር ሳይንስ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1872 ተመሠረተ። በ2021 ወረቀቱን ትቶ ዲጂታል ብቻ ሆነ። በ2023 ዲጂታል መጽሔቱም ቀረ፤ የተረፈው ድረ ገጹ ነው። መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ በወረቀት የኖረው መጽሔት ያለ ወረቀት ሦስት ዓመት አልሞላም። ሌላ ምክንያት ይኖረዋል የሚል ካለ ይምጣና ያስረዳኝ።

የወረቀት ዋጋ ንሯል፤ ይሄን አልክድም። ከውጭ የሚመጣ ነገር ነው፤ በ2016 ሐምሌ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ባሰበት። ግን ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ከመድረኩ ጀርባ ከግድግዳ ግድግዳ የሚደርስ ባነር ተሰቅሎ ነበር። ለእያንዳንዳችን ጽሑፍ የታተመበት ቲሸርትና የማስታወሻ ደብተር ታድሎናል። ባነሩ ከሰዓት በኋላ ተጠቅልሎ ስቶር ገባ። የእሱን ወጪ ማንም አላነሳም። በሚቀጥለው ስብሰባ ባነሩን ቴሌግራም ላይ ልቀቁልን፤ ስልካችንን ከፍተን እናየዋለን።