ሚጥሚጣ የማይበግረው ማን ነው?

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ሥጋ ቤት ቁጭ ብላችሁ ታውቃላችሁ? እዚያ ሰው የሚለካው በሚጥሚጣ ነው። ቁርጡን ጫፉን ብቻ ነካ የሚያደርግ «ልጅ» ይባላል። አገላብጦ እስኪቀላ የሚነክር «ወንድ» ነው። ወንድ የተባለው ታዲያ እንባው ዓይኑ ላይ ተንጠልጥሎ፣ አፍንጫውን በሶፍት እየጠረገ፣ «ይሄ ደሞ ምኑ ያቃጥላል! ሚጥሚጣስ ድሮ ቀረ!» ማለት ይጠበቅበታል። ላቡን ፀሐይ ላይ ያመካኛል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ።

የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ የዚህ ሰፈር ፈታኝ ናቸው። ባለፈው የአንዷ ጎረቤታችን እጮኛ ለትውውቅ መጥቶ ቃሪያ ስንጉን ገመጥ እንዳደረገ ሳል ያዘው። ሰውዬው አዝነው አዩት። «አይ ልጄ፣ ይሄን ያልቻልክ ኪራይ እንዴት ልትችል ነው?»

በርበሬ ለምን እንደሚያቃጥል ካሊፎርኒያ ላይ ተመራማሪው ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 አጣርተውታል። ነርቮቻችን ጫፍ ላይ ቲአርፒቪ1 የሚባል ፕሮቲን አለ፤ አዮን ቻናል ነው፣ ማለትም ትንሽ በር። ሙቀቱ 43 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ በሩ ይከፈታል፣ ካልሲየምና ሶዲየም ይገባሉ፣ ነርቩም «ተቃጠልኩ!» ብሎ ወደ አንጎል ይደውላል። በርበሬ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲንም ይህንኑ በር ይከፍታል። ምላስ ላይ እሳት የለም፤ አንጎል ግን እሳት ብሎ ያምናል። በሩ ቁርጥ የኛን ብሎክ ዘበኛ ነው፤ ለባለቤቱም ለሌባውም በእኩል አክብሮት ይከፍታል። ለዚህ ሥራ ጁሊየስ በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ኖቤል ተሸለመ። የናና ከረሜላ አፍ የሚያቀዘቅዘውም በሌላ እንዲህ ያለ በር በኩል ነው።

ካፕሳይሲን ሲደጋገምበት ደግሞ በሩ ይደነዝዛል። የሰብሳቢያችን ወኔ እንግዲህ ይኼው ነው። ይህንን ለራሳቸው ስነግራቸው ሳቁብኝ። «ፈረንጅ ስለ ሚጥሚጣ ምን ያውቃል?» አሉና በአረቄ አወራረዱት። ባይሆን አይብ ቢቀምሱ ይሻላቸው ነበር፤ ካፕሳይሲን ስብ ውስጥ እንጂ ውሃ ውስጥ ደህና አድርጎ አይሟሟም። አልኮል ደግሞ ያንኑ በር ያስቆጣዋል፤ 42 ዲግሪ ገደማ ይጠብቅ የነበረው 34 አካባቢ መከፈት ይጀምራል። የሰው ገላ 37 ነው። ሂሳቡን ለእሳቸው ተውኩት።

ደግሞ ጉራውም ቢሆን ከዶሮ ፊት የሚያዋጣ አይደለም። የዶሮ ቲአርፒቪ1 ሙቀት ያውቃል፣ ካፕሳይሲንን ግን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። የዱር በርበሬ ፍሬውን በየቦታው የሚያስበትነውም በወፍ ነው፤ ወፍ አያቃጥላትም፣ ዘሩንም ሳታደቅ ትጥላለች። ባለፈው ቅዳሜ ምድር ቤት ያሉት እትዬ ግቢው ውስጥ በርበሬ አስጥተው ነበር። ስጥ ጠባቂው ልጅ ስልኩ ላይ ተደፍቷል። አንዲት ቀይ ዶሮ ሰሌኑ ላይ ወጣች። ዛላውን በእግሯ ያዘች፣ በአፏ ሰነጠቀች፣ ፍሬውን እየለቀመች ዋጠች። ሳል የለ፣ እንባ የለ፣ «ድሮ ቀረ» የለ። ወደ ሁለተኛው ዛላ ተሻገረች።

ሰብሳቢያችን ከበረንዳቸው ላይ ሆነው ለረጅም ጊዜ ተመለከቷት። ሰኞ ጠዋት ደረጃው ሥር ማኅተም ያለበት ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘን፦ «በግቢው ውስጥ ዶሮ ማርባት ከዛሬ ጀምሮ በጥብቅ የተከለከለ ነው።»